ውሻም ቅድመ ውድድር ዝግጅት ያስፈልገዋል

ዕለቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1987 ነው። በእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን የመጨረሻ የሊግ መርሐ ግብር ቶርኪ ዩናይትድ በሜዳው ፕሌይንሙር ክሩ አሌክሳንድራን እያስተናገደ ይገኛል። ከዚያ ዓመት በፊት የሊጉ ጭራ ላይ የተቀመጠ ክለብ የሚቀረው ወይም የሚሰናበተው በክለቦች ድምፅ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ግን ሕጉ ተቀይሮ የመጨረሻው ቡድን በቀጥታ ከፉትቦል ሊጉ እንዲወርድ ተወስኗል። እናም ቶርኪ የሞት ሽረት ትግል ላይ ነው። ይባስ ብሎ በእረፍት ሰዓት 2 ለ 0 እየተመራ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ።

ከእረፍት መልስ ተከላካዩ ጂም ማክኒኮል በቅጣት ምት አንዷን መለሰ። ሁለተኛዋ ግን አልመጣ አለች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ይኸው ማክኒኮል ኳስ ተከትሎ ወደ መስመሩ በፍጥነት ሲሮጥ ጉድ ተፈጠረ። በሜዳው ዳር ከፖሊስ ጌታው ጋር ቆሞ የነበረው ብሪን የተባለ ጀርመን ሼፐርድ ውሻ ‹ይሄ ሰውዬ ጌታዬን ሊመታብኝ ነው› ያለ ይመስላል፣ ዘሎ የተጫዋቹን ጭን በጥርሱ ያዘው። ማክኒኮል ሕክምና ሲደረግለት ጨዋታው ቆመ፤ ዳኛውም የባከነውን ሰዓት ጨመሩ። በዚያች በተጨመረችው ሰዓት ፖል ዶብሰን ኳሷን ከመረብ አገናኛት። 2 ለ 2! ቶርኪና ሊንከን ሲቲ እኩል 48 ነጥብ ይዘው ሲጨርሱ በጎል ልዩነት የተበለጠው ሊንከን ከፉትቦል ሊጉ በቀጥታ የወረደ የመጀመሪያው ክለብ ሆነ። አንድ የውሻ ንክሻ አንዱን ክለብ አድኖ ሌላውን ገደል ከተተ ማለት ነው።

ይህን ታሪክ የእንግሊዝ እግር ኳስ ወዳጆች እስከ ዛሬ እየሳቁ ያወሩታል። ለውሻ አሰልጣኞች ግን ታሪኩ የሚያስቅ ብቻ አይደለም። ብሪን መንገድ ላይ የተገኘ ባለጌ ውሻ አልነበረም፤ የሰለጠነ የፖሊስ ውሻ ነው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል አንድ ሰው ወደ ጌታው እየሮጠ ሲመጣ የሚያውቀውን አደረገ። የሰለጠነው እንዲህ ከሆነ ዕድሜውን ሙሉ ከግቢ ወጥቶ የማያውቀው፣ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ያላየው ‹ቦቢ› ሰው በተሰበሰበበት ቢገኝ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ነው።

በእንግሊዝም ሆነ በአሜሪካ ውሾች በቡድን የሚሰለጥኑት ለዚሁ ተብሎ ነው። ውሻው እቤቱ ሳሎን ውስጥ ‹ቁጭ በል› ሲባል ቁጭ ማለቱ ብዙም አያስደንቅም። ቁም ነገሩ ሌሎች ስድስት ሰባት ውሾች እየጮሁ፣ ሰዎች እየተራመዱ፣ በር እየተከፈተ እየተዘጋ ይህንኑ ማድረጉ ላይ ነው። በሜዳው ሁሉን የሚያሸንፍ፣ ከሜዳው ውጪ ግን ነጥብ መያዝ የሚያቅተው ቡድን በየሊጉ ሞልቷል። ውሻም እንደዚያው ነው። አንድን ነገር አንድ ቦታ ላይ ስለተማረ በሌላ ቦታም ያውቀዋል ማለት አይደለም፤ ቦታው ሲቀየር ትምህርቱን እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልጋል። ‹እቤት እኮ ያደርገው ነበር!› የሚለው የባለቤቶች እሮሮ በየስልጠናው የመጀመሪያ ቀን የሚሰማውም ለዚህ ነው።

ከሰንሰለት ወደ ጉርሻ

ነገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1980 ቢቢሲ ባርባራ ውድሃውስ የተባሉ አዛውንት ሴት ውሻ ሲያሰለጥኑ በተከታታይ ፕሮግራም አሳየ። ሴትዮዋ ‹ዎኪስ!› እያሉ በሚያሰሙት ድምፅ በአንድ ጊዜ የአገሩ ዝነኛ ሆኑ። የእሳቸው ዘዴ በአንገት ላይ የሚጠብቅ ሰንሰለት በመሳብ ላይ የተመሠረተ ነበር። በባህሪያቸው ጮክ ብለው የሚቆጡ ቢሆኑም የሚቆጡት ከውሻው ይልቅ ባለቤቱን ነበር ለማለት ይቻላል። ዛሬ ሰንሰለቱን የሚደግፍ አሰልጣኝ እየቀነሰ ሄዷል፤ ‹ጥፋቱ የባለቤቱ ነው› የሚለው አመለካከታቸው ግን አሁንም አለ።

ጨዋታውን የቀየረው ሌላው ሰው እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራው የእንስሳት ሐኪም ኢያን ደንባር ነው። ከእሱ በፊት ‹ውሻ ስድስት ወር ካልሞላው ስልጠና አይጀምርም› የሚል ልማድ ነበር። ደንባር ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካሊፎርኒያ ውስጥ ቡችሎችን ገመዳቸውን ፈትቶ በአንድ ክፍል እያጫወተ፣ በምግብ እያባበለ ማሰልጠን ጀመረ። በታዳጊዎች ፕሮጀክት ማመን ማለት ይኸው ነው። ልጁን በሃያ ዓመቱ ከምትገዛው በስምንት ዓመቱ አካዳሚ አስገባው እንደሚባለው መሆኑ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1873 የተመሠረተው ኬኔል ክለብ በ1992 ‹መልካም ዜጋ ውሻ› ሊባል የሚችል የስልጠና መርሐ ግብር ዘረጋ። ውሻውና ባለቤቱ አብረው ተፈትነው ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ደረጃ ያገኛሉ። በአሜሪካም ተመሳሳይ ስም ያለውና አሥር ፈተናዎች ያሉት ፕሮግራም ከ1989 ጀምሮ ይሰጣል። ፈተናዎቹ ውሻ በእሳት ቀለበት ውስጥ እንዲዘል የሚጠይቁ አይደሉም። እንግዳ ሰው ሲቀርበው ተረጋግቶ መቆም፣ ገመዱን ሳይጎትት መሄድ፣ በሰው መሐል ማለፍ፣ ሲጠሩት መምጣት፣ ሌላ ውሻ ሲያይ አለማበድ... እነዚህ ናቸው። ቀላል ይመስላሉ እንጂ ብዙ ውሾች የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው።

የሰዓቱ ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። የቡችላ አእምሮ ለአዲስ ነገር ክፍት የሚሆነው በግምት ከ3ኛው ሳምንት እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ሕፃን ልጅ፣ ዣንጥላ የያዘ ሰው፣ ሞተር ብስክሌት፣ ሌላ ውሻ ያላየ ቡችላ አድጎ እነዚህን ሲያይ ሊፈራ ይችላል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይጮኻል፣ ባስ ሲልም ይናከሳል። በሌላ በኩል ግን ክትባቱ ገና ባላለቀበት በዚህ ወቅት ቡችላውን ውጪ ማውጣት ለፓርቮና ለዲስቴምፐር በሽታ ሊያጋልጠው ይችላል። ባለቤቱ በሁለት እሳት መሐል ነው።

ለረጅም ዓመታት ሐኪሞች ‹ክትባቱ እስኪያልቅ እቤት ይቆይ› ይሉ ነበር። አሁን አቋማቸው ተለውጧል። የአሜሪካ የእንስሳት ባህሪ ሐኪሞች ማኅበር ቡችላ ከ7 እና 8 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ፣ የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰደ ቢያንስ 7 ቀን ከሆነውና የትል መድኃኒት ከተሰጠው ንጹሕ በሆነ ቦታ በሚሰጥ የቡድን ስልጠና መሳተፍ እንደሚችል ያምናል። ምክንያቱም በወጣት ውሾች ላይ ከበሽታ ይልቅ ባህሪ የበለጠ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ የወጣ አንድ ጥናት ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው ከሞቱ ውሾች ሲሶ ያህሉ የሞቱት ከመጥፎ ባህሪ ጋር በተያያዘ ምክንያት መሆኑን አሳይቷል። ተናክሰው ወይም አስቸግረው በመርፌ እንዲሞቱ የተደረጉ፣ አምልጠው መኪና የበላቸው እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሲሶ! ቀልድ አይደለም። ‹አድጎ ይተወዋል› እየተባለ የሚታለፈው ነገር ውሻውን ራሱን የሚያስከፍለው ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከሐኪም ይጀምራል። በእኛ አገር ተጫዋች ያለ ቴሴራ ሜዳ እንደማይገባ ሁሉ ውሻም ያለ ክትባት ካርድ ስልጠና መግባት የለበትም። ካርድ የማይጠይቅ አሰልጣኝ ካጋጠመ ባለቤቱ ራሱ ውሻውን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ያልተጠየቀው እሱ ብቻ አይደለማ! የወረቀት ነገር ትልልቆቹንም ሲያንገላታ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ቼልሲ ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲዘጋጅ ፖሊሶች ጆዜ ሞሪንሆ የለንደን ቤት ድረስ ሄደው ዮርክሻየር ቴሪየር ውሻቸውን የጠየቁት ከክትባትና ከድንበር ሕግ ጋር በተያያዘ ነበር። አሰልጣኙ በማስጠንቀቂያ ሲታለፉ ቡድናቸው ከቀናት በኋላ በድሮግባ ጎል ማንቸስተር ዩናይትድን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ።

ያመመው፣ የሚያስለው ወይም ተቅማጥ ያለበት ውሻ በዚያ ሳምንት ተቀያሪ ወንበር ላይም አይቀመጥም፣ እቤቱ ነው የሚቀረው። ወንድ የምትፈልግበት ወቅት ላይ ያለች ሴት ውሻም እንደዚሁ። እሷ በገባችበት ክፍል ውስጥ አሰልጣኙን የሚሰማ ወንድ ውሻ አይገኝም።

አሰልጣኙን መመልመል

ሁለተኛው ሥራ አሰልጣኝ መምረጥ ነው። ጥሩው ዘዴ ውሻውን እቤት ትቶ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። በክፍሉ ውስጥ ስንት ውሻ አለ? ከስምንት በላይ ከሆነና አሰልጣኙ ብቻውን ከሆነ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ጥቂት ነው። ውሾቹ ጅራታቸው የት ነው? ጅራቱን በእግሮቹ መሐል ቀብሮ የሚማር ውሻ ብዙ ከታየ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። አሰልጣኙ ይጮኻል? ገመድ ይዞ ያንቃል? ኤሌክትሪክ በሚነዝር የአንገት ቀበቶ ይጠቀማል? ይህ ቀበቶ በዌልስ ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለውን ሲያዩ ክፍያው ርካሽ ነው ብሎ መመዝገብ ርካሽ ተከላካይ ገዝቶ ወራጅ ቀጠና እንደመግባት ነው።

አንድ ጥያቄ አስቀድሞ መነሳት አለበት። ውሻው ከዚህ በፊት ሰው ወይም ሌላ ውሻ ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ወይም ሌላ ውሻ ሲያይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የቡድን ስልጠና ለእሱ አይሆንም። ለአሰልጣኙ እውነቱን ተናግሮ ለብቻው መጀመር ነው። ‹እዚያ ሄዶ ይለምድ ይሆናል› ብሎ ደብቆ ማስገባት ከጉዳት ያላገገመ አጥቂን በመርፌ አደንዝዞ ማሰለፍ ይመስላል። ለአንድ ቀን ይሠራ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን ዓመቱን ሙሉ ያስወጣዋል።

ቦርሳ ውስጥ ምን ይገባል?

ትጥቁ ብዙ አይደለም። ጠፍጣፋ የአንገት ቀበቶ ወይም ደረት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ፣ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚሆን ተራ ገመድ። እየተሳበ የሚረዝም እየተጠቀለለ የሚያጥር ገመድ በቡድን ስልጠና ውስጥ አይመከርም፤ ውሻው ሳይታሰብ አምስት ሜትር ርቆ የሌላውን አፍንጫ ሲያሸት ይገኛልና። ቀበቶው ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ይላላል። ጠባብ ከሆነ ያንቃል፣ ሰፊ ከሆነ ውሻው ጭንቅላቱን አውጥቶ ይሄዳል፤ ይህ ደግሞ የሚከሰተው ሁልጊዜ መኪና መንገድ አጠገብ ነው! በእንግሊዝ ውሻ በአደባባይ ሲወጣ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት የአንገት ቀበቶ ማድረጉ ግዴታ ሲሆን ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ከቆዳው ሥር የምትቀበር መለያ ማይክሮቺፕ ተጨምራለች። ውኃና ሳህን፣ ሊቀመጥበት የለመደው ምንጣፍ ወይም አሮጌ ፎጣ፣ ቆሻሻውን የሚያነሱበት ፌስታል። ባለቤቱም ተረከዝ ያለው ጫማ ትቶ የሚሮጥበትን ቢያደርግ ይመረጣል።

ከሁሉ ዋናው ግን ጉርሻው ነው። ‹ውሻ በበላበት ይጮኻል› ይባል የለ? በቡድን ስልጠና ውስጥ ደግሞ በበላበት ይማራል። የሚዘጋጀው ነገር ለስላሳ፣ የሚሸት፣ ሳያኝክ ቶሎ የሚውጠው መሆን አለበት፤ መጠኑም ከሽምብራ ፍሬ አይበልጥም። የተቀቀለ ዶሮ፣ አይብ፣ ሥጋ በደንብ ተቆራርጦ። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ትልልቁን ይቆርጡና ውሻው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጠግቦ ይተኛባቸዋል። ደረቅ ብስኩት የያዘ ሰውም ይቸገራል፤ ውሻው ሲያኝክ፣ ፍርፋሪ ሲለቅም ትምህርቱ ያልፋል። ሌላው ደግሞ ዋጋው ነው። እቤት ውስጥ በተራ ምግብ የሚታዘዝ ውሻ ስድስት ውሾች ባሉበት ክፍል ውስጥ ለዚያው ክፍያ አይጫወትም። ከሜዳ ውጪ ለሚደረግ ጨዋታ ቦነሱ ከፍ ይላል። ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ወይንና ዘቢብ ግን ለውሻ መርዝ ስለሆኑ በጭራሽ አይገቡም።

የዕለቱን ምግብ ከስልጠናው በፊት ሁለትና ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ቀነስ አድርጎ መስጠት ጥሩ ነው። ማስራብ አያስፈልግም፤ በባዶ ሆዱ የመጣ ውሻ እንደ ጠገበው ሁሉ አይማርም፣ እጅ ይነክሳል እንጂ።

አንድ ቃል፣ አንድ ትርጉም

ከስልጠናው በፊት ባሉት አንድና ሁለት ሳምንታት እቤት ውስጥ መሠራት ያለባቸው ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ስሙን ማወቁ ነው። ስሙ ሲጠራ ዞሮ የጠሪውን ፊት ያይ ዘንድ፣ ባየ ቁጥር ጉርሻ። ይህን በቀን አምስት ደቂቃ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ከዚህ ያለፈ ልምምድ ያሰለቸዋል። ስሙን እየጠሩ መቆጣት ግን ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል። ስሙ ሲጠራ ዱላ የሚመጣበት ውሻ ሲጠራ ቢሸሽ ማን ይፈርድበታል?

ሁለተኛው የቤተሰብ ስምምነት ነው። አባት ‹ቁጭ በል› ይላል፣ እናት ‹ተቀመጥ› ትላለች፣ ልጁ ደግሞ በፊልም ያየውን ‹ሲት!› ይላል። ውሻው አማርኛም እንግሊዝኛም አይናገርም፤ የሚያውቀው ድምፁን ነው። ሦስት ድምፅ ለእሱ ሦስት የተለያየ ትእዛዝ ነው። ዋና አሰልጣኙ ‹ግፉ› እያለ ምክትሉ ‹ተመለሱ› የሚልበት ቡድን ምን እንደሚሆን የስታዲየም ሰው ያውቃል። ስለዚህ ቃላቱ በወረቀት ተጽፈው ፍሪጅ ላይ ይለጠፉ። ‹ውረድ› ማለት ከሶፋው ውረድ ነው ወይስ ሆድህን መሬት አስነካ? ይህ ቀድሞ ካልተወሰነ ችግሩ የውሻው አይደለም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ሥራው ቢሆንም ዓለም የሚያውቀው ምግብ እንደሚመጣ የሚያበስር ምልክት ሲሰሙ ለሃጫቸው በሚዝረበረብ ውሾቹ ነው። የስልጠናው መሠረት ይኸው ነው። ድምፅ ይሰማል፣ ምግብ ይመጣል። ብዙ አሰልጣኞች ‹ክሊከር› የሚባል በጣት ሲጫኑት ቀጭ የሚል ትንሽ ዕቃ የሚጠቀሙትም ለዚህ ነው። ውሻው ቂጡ መሬት በነካበት ቅጽበት ‹ቀጭ›፣ ከዚያ ጉርሻ። ዳኛ ፊሽካውን መንፋት ያለበት ጥፋቱ ሲፈጸም እንጂ ኳሱ ሌላኛው ጎል ከደረሰ በኋላ አይደለም። ውሻው ተቀምጦ፣ ተነሥቶ፣ ዘሎ ከጮኸ በኋላ ጉርሻ የሚሰጠው ባለቤት የሸለመው ለመጮኹ ነው። ክሊከር የሌለው ሰው አንድ አጭር ቃል መርጦ በዚያው መዝለቅ ይችላል። ሰዓቱን የሚስተው ግን በአብዛኛው ባለቤቱ መሆኑ የሚታወቅ ነው፤ ስለዚህ ውሻው በሌለበት ኳስ መሬት እያነጠሩ፣ መሬት በነካች ቁጥር ‹ቀጭ› እያደረጉ መለማመድ ብዙዎችን ጠቅሟል።

ሲጠራ መምጣቱ ላይ ደግሞ ከእግር ኳስ የተገኘ ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ብራዚልና እንግሊዝ ቺሊ ቪኛ ዴል ማር ላይ ሲጫወቱ አንድ ውሻ ሜዳ ገብቶ ተጫዋቾቹን አስሮጣቸው። ባባረሩት ቁጥር እሱ ይበልጣቸዋል፤ ጋሪንቻን እንኳን አልፎታል ነው የሚባለው። በመጨረሻ የያዘው እንግሊዛዊው አጥቂ ጂሚ ግሪቭስ ነው። እንዴት? አላባረረውም። በእጁና በጉልበቱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጠበቀው፣ ውሻውም መጣለት። (ሲያቅፈው ማሊያው ላይ መሽናቱ የታሪኩ ሌላ ክፍል ነው።) ብራዚል 3 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውንም ሲወስድ ውሻው ከጋሪንቻ ጋር ወደ ብራዚል ሄደ። ዛሬም አሰልጣኞች ያመለጠ ውሻ የሚያባርር ባለቤት ሲያዩ የሚሉት ግሪቭስ ያደረገውን ነው። ሩጫ ለውሻ ጨዋታ ነው፤ ተንበርከክ፣ ወይም ወደ ኋላ ሩጥና እሱ ይከተልህ።

የመጀመሪያው ቀን

ቀኑ ሲደርስ ውሻው ቀደም ብሎ አጭር የእግር ጉዞ ያድርግ፣ ይሽና፣ ይጸዳዳ። እስኪደክመው ማሯሯጥ ግን ጥሩ አይደለም፤ ማሟሟቅ ሌላ፣ ዘጠና ደቂቃ መጫወት ሌላ። ከአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ በፊት መድረስ ይገባል። መኪና ውስጥ ገብቶ የማያውቅ ውሻ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና፣ አዲስ ክፍልና አዲስ ውሾች በአንዴ ከተከመሩበት ገና ሳይጀመር ተሸንፏል። ስለዚህ ቀደም ባሉት ቀናት እስከ በሩ ድረስ ወስዶ፣ አካባቢውን አሽትቶ፣ ጉርሻ በልቶ እንዲመለስ ማድረግ የሜዳውን ሳር አስቀድሞ እንደማየት ነው።

በሩ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ ስህተት ‹ይተዋወቁ› ተብሎ ውሾችን በገመድ እንደታሰሩ አፍንጫ ለአፍንጫ ማገናኘት ነው። ገመድ የተወጠረበት ውሻ መሸሽ አይችልም፤ መሸሽ ያልቻለ ደግሞ ይጣላል። ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ ከተቻለ ግድግዳ ይዞ መቆም ነው። ባለቤቱ ከጎረቤቱ ጋር ስለ ቅዳሜው ጨዋታ ሲያወራ የውሻውን ፊት መርሳት የለበትም። ሳይተኛው የሚያዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን የሚልስ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያጣብቅ፣ ከሁሉም በላይ ዶሮ ሲሰጡት አልበላም የሚል ውሻ እልኸኛ ወይም ደንቆሮ አይደለም፤ ፈርቷል። ያን ጊዜ መፍትሔው ትእዛዙን መደጋገም ሳይሆን ሁለትና ሦስት ሜትር ወደ ኋላ መራቅ ነው። ሲርቅ መብላት ከጀመረ ቦታው እሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ውሻ ይጮኻል። ባለቤቱ ያፍራል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ የጎረቤቱ ላብራዶር ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሲያይ የበለጠ ይናደዳል። እዚህ ላይ ገመዱን መንጠቅ የሚመጣው። ውሻው ግን የሚማረው ‹ሌላ ውሻ ሲታይ አንገቴ ይታመማል› የሚለውን ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ቀድሞ ይነሣል።

ሮይ ኪን በ2002 ከአየርላንድ ብሔራዊ ቡድን ካምፕ ሳይፓን ላይ ተጣልቶ ሲመለስ የዓለም ጋዜጠኛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኮልኩሎ ነበር። ካሜራው ሁሉ ወደ እሱ ሲዞር ኪን ትሪግስ የምትባል ላብራዶሩን ይዞ በየቀኑ ሲንሸራሸር ታየ። እሷ በዚያ ሁሉ ፎቶ አንሺ መሐል ገመዷ ላልቶ ትሄዳለች። ለዚያ ሰሞን የኪን ጸባይ ይህ ማለት ትንሽ አይደለም።

እኛስ?

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙው ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ሥራው መጮኽ ነው፤ ሰው ባለመልመዱም ይመሰገናል። ገመድ ይዞ መንገድ ላይ ውሻ የሚያንሸራሽር ሰው ሲታይ ‹የፈረንጅ አመል› የሚለው አይጠፋም። ይሁን እንጂ አጥር ዘሎ የወጣ ዕለት የሚነክሰው ይኸው ሰው ያለመደ ውሻ ነው፤ የሚነከሰውም ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ነው። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች 99 በመቶ ያህሉን የሚያስይዘው ውሻ ሲሆን ኢትዮጵያም በሽታው ጸንቶ ከሚገኝባቸው አገሮች አንዷ ናት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ እዚህ አገር ቡችላውን ለማሰልጠን የሚያስብ ሰው የመጀመሪያው ጨዋታ የእብድ ውሻ ክትባት ነው። ሌላው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለት ሦስት የሰፈር ጓደኛሞች የተከተቡ ቡችሎቻቸውን ይዘው እሁድ ጠዋት፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ሳይመጡ፣ በአንድ ሜዳ ላይ አሥር አሥር ሜትር ተራርቀው ቢቆሙ ያውም የቡድን ስልጠና ነው። የሰፈሩ ልጆች በሩቁ ሲሮጡ ውሻው ዞሮ የባለቤቱን ፊት ካየ አንዲት የሥጋ ቁራጭ። የሸሚዝ ኪስ በሥጋ መቆሸሹ አይቀርም፤ ለዚህ አሮጌ ሸሚዝ ይመረጣል።

ስልጠናው አንድ ሰዓት ያህል ፈጅቶ ሲያልቅ ውሻውን መጀመሪያ ወደ ሳር መውሰድ ነው፤ ተይዞ የቆየ ሽንት አለ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት። ‹እስቲ የተማርከውን አሳይ› ተብሎ ለዘመድ ትርኢት አይቀርብም። ውኃ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ በእንቅልፉም እግሩን እያንቀሳቀሰ ይሮጣል። በማግስቱ ጠዋት አምስት ደቂቃ፣ ማታ አምስት ደቂቃ። ቀጣዩ ጨዋታ ከሳምንት በኋላ ነው።